የኢንዴቨር ገመዶች፦ ከላይ ሳይሆን ከችካሉ ጀምሩ

በሲድኒ፣ ዳርሊንግ ሃርበር በምትቆመው የኢንዴቨር መርከብ ቅጂ ላይ የጀመርኩት የገመድ ትምህርት ፈር ይዟል። የፊት ምሰሶውን ገመዶች አሁን ሥዕል ሳላይ ከታሰሩበት ተነሥቼ እስከ ሸራው ጥግ መከተል እችላለሁ። የሞዴል መርከብ ለምትሠሩ፣ ወይም እንዲሁ ሸራ መርከብ ለምትወዱ፣ የሠራልኝ ዘዴ ይኸው።

ስለ መርከቧ ባጭሩ፦ የመጀመሪያዋ ኢንዴቨር በ1764 እ.ኤ.አ. ዊትቢ ላይ ለድንጋይ ከሰል ማመላለሻነት ተሠርታ፣ በ1768 እንግሊዛዊው አሳሽ ጄምስ ኩክ ከእንግሊዝ ይዟት የወጣት ናት። ቅጂዋ ፍሪማንትል ውስጥ ተሠርታ በ1993 ውኃ ላይ ወረደች፤ ከ2005 ወዲህ የአውስትራሊያ ብሔራዊ የባሕር ሙዚየም ንብረት ናት። ወደ 30 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ገመድና 750 ያህል የእንጨት በከራ (ገመድ የሚያልፍበት መዘውር) አላት። ሰውን የሚያስፈራው ይህ ቁጥር ነው፤ ግን የገመዱ ግማሽ የሌላው ግማሽ መስታወት ስለሆነ ግራውን የተማረ ቀኙንም ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ደረጃ ቀላል ነው። ጥቁሮቹ ገመዶች ምሰሶውን የሚደግፉ ናቸው፣ አይንቀሳቀሱም። ነጣ ያሉት ሸራውንና አግዳሚውን (ሸራው የሚሰቀልበትን አግድም እንጨት) የሚያንቀሳቅሱ ናቸው። ጥቁሮቹን በአንድ ጉብኝት ጨርሷቸውና እለፉ።

ችግሩ ያለው ከነጣዎቹ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ከአግዳሚው ጫፍ ይጀምርና ገመዱ ከሌሎች ጋር ሲቀላቀል ይጠፋበታል። ከታች ጀምሩ። በመርከቡ ጠርዝ በኩል ገመዶቹ የሚታሰሩባቸው የእንጨት ችካሎች በተርታ ቆመዋል። ደብተር ላይ አንድ መስመር አስምሩ፣ ለእያንዳንዱ ችካል ክብ ሥሩለት፣ ከፊት ወደ ኋላ ቁጥር ስጡት። ከዚያ አንድ ገመድ ብቻ ምረጡና ከችካሉ እስከ መጀመሪያው በከራ፣ ከበከራው እስከ ቀጣዩ ተከተሉት። ከአንድ ገመድ ሳትወጡ ሌላ አትጀምሩ።

ሁለት ገመዶች ከላይ ተደራርበው የትኛው የቱ እንደሆነ ሲጠፋችሁ፣ ዓይናችሁን ሳታነሡ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሂዱ። ቅርብ ያለው ከሩቁ ይልቅ ቶሎ ስለሚሸሽ ወዲያው ይለያያሉ። ፎቶ አንስቶ ቤት መመርመርን የማልመክረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፎቶ ቅርቡንና ሩቁን አንድ ላይ ይለጥፋቸዋል። ፎቶ የሚጠቅመው ለችካሉ አስተሳሰር ብቻ ነው። ቀላል ባለ 8 እጥፍ የሩቅ ማሳያ መነጽር (ባይኖኩላር) ከማንኛውም ካሜራ ይበልጣል። ሲድኒ ላይ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትሆን ጀርባችሁን ለሰሜን ሰጥታችሁ ቁሙ።

የተከተላችሁትን በሥራው አረጋግጡ። ሺት የሚባለው ገመድ የላይኛውን ሸራ የታች ጥግ ከሥሩ ወዳለው አግዳሚ ጫፍ ይስባል፣ ከዚያ በአግዳሚው ሥር አልፎ በምሰሶው በኩል ይወርዳል። ክሉላይን የሚባለው ያንኑ ጥግ ወደ ላይ ይመልሰዋል። አንዱ ሲጎተት ሌላው መለቀቅ አለበት። በንትላይን የሚባለው ከሸራው ፊት ለፊት ወርዶ የታችኛውን ጠርዝ ይይዛል። ብሬስ የሚባለው ከአግዳሚው ጫፍ ተነሥቶ በአብዛኛው ወደ ሌላ ምሰሶ የሚሄድ፣ አግዳሚውን ወደ ነፋሱ የሚያዞር ነው። የገመዱ መንገድ ከእነዚህ ሥራዎች ለአንዱም ካልተስማማ፣ መሃል ላይ አንድ በከራ ዘላችኋል ማለት ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። ለጥገና ሸራው ከአግዳሚው ሲወርድ ሺቱና ክሉላይኑ እንዳይጠፉ ጫፍ ለጫፍ ይያያዛሉ። ያኔ ከአንዱ ችካል ወጥቶ ወደ ሌላ ችካል የሚመለስ አንድ ገመድ ይመስላል። መጀመሪያ አግዳሚው ላይ የተጠቀለለ ሸራ መኖሩን እዩ፤ ከሌለ ያን ምሰሶ ለሌላ ቀን ተዉት።

ሞዴል ለምትሠሩ፦ ገመዱ ከችካሉ ታች ዞሮ በስምንት ቁጥር ይጠመጠማል፣ ትርፉ ተጠቅልሎ እዚያው ይንጠለጠላል። መጨረሻው ላይ ቋጠሮ አታድርጉ። እውነተኛ መርከብ ላይ ቋጠሮ ጭነት ሲበዛበት ይጠብቅና በአስቸኳይ ሰዓት አልፈታ ይላል። ጥቅሉም በክብደቱ ወደ ታች የረዘመ እንጂ እንደ ቀለበት የተነፋ አይሁን፤ ክሩን በውኃ በቀጠነ ሙጫ አርጥባችሁ እስኪደርቅ ወደ ታች ያዙት።

እስካሁን የሚያስቸግረኝ የኋላ ምሰሶ ነው። የሌሎቹ ምሰሶዎች ብሬሶች ወደ ኋላ ሲሄዱ የእሱ ወደ ፊት፣ ወደ መሃሉ ምሰሶ ይሄዳሉ፤ ከኋላው የሚታሰሩበት ሌላ ምሰሶ የለማ። የታችኛው አግዳሚውም የራሱ ሸራ የለውም፣ ከላዩ ያለውን ሸራ እግር ለመዘርጋት ብቻ የተሰቀለ ነው። ስለዚህ እዚያ በንትላይንም ክሉላይንም አትፈልጉ። ከላዩ ካለው ሸራ ሺት ጀምሩ።