እኩለ ሌሊት ከቀኑ በ9 ሰዓት

በ2016 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ የሼክስፒርን «ሐምሌት» ስናዘጋጅ የዲኮሩ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። ትርጉሙ የጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ ተዋንያኑ የሠፈር ልጆች፤ በጀቱን ግን አለ ከማለት የለም ማለት ይቀላል። ኮምፔንሳቶ ከአዲስ አበባ እናስመጣለን ስንል መንገዱ ተዘጋ። በሰዓት እላፊው ምክንያት ማታ ማሳየት አይታሰብም፤ ትርኢቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆነ። ቴአትሩ የሚጀምረው ደግሞ በእኩለ ሌሊት፣ በዴንማርኩ ኤልሲኖር ግንብ ላይ ዘብ ሲቀያየር ነው።

የመጀመሪያ ጥፋቴ ፋሲል ግንብ ነው። የጎንደር ልጅ ቤተ መንግሥት ሥራ ሲባል እጁ ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው፤ ማዕዘኑ ላይ እንቁላል የመሰለ ጉልላት፣ አናቱ ላይ የተከረከመ ጥርስ። አጠና አቁሜ አቡጀዲ ወጠርኩ፣ በስንዴ ዱቄት ሙጫ ለቀለቅኩት፣ ላዩን ኖራ ቀባሁት። ፋሲልስ የቆመው በኖራ አይደል? ድንጋይ የሚያያይዝ ኖራ ግን ጨርቅ ላይ አይበረክትም፤ በተነቃነቀ ቁጥር ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። በልምምድ ላይ ጥቁር ለብሶ አባቱን የሚያለቅሰው ልዑል ግንቡን ተደግፎ ሲነሳ ወፍጮ ቤት የዋለ መሰለ። ሙጫውን ደግሞ አይጦች ወደዱት። ቀለም ቀብቶ ጨርቁን ሁለት ሦስቴ ጠቅልሎ መፍታት፣ ምን እንደሚረግፍ ማየት፤ ይህን ያወቅሁት ከከሰርኩ በኋላ ነው።

የአዳራሹ ዘበኛ ሲያዩን ሰንብተው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይኸ ፋሲል ነው?»

«ኧረ የዴንማርክ ነው፣ አባባ።»

«ፋሲልን ለማየትማ እዚህ ምን አስቀመጠኝ? ከደጄ ሆኜ አየው የለ!»

የዚያኑ ለት አፈረስኩት።

ከዚያ ጽሑፉን እንደገና ያዝኩ። ለንደን ላይ እ.ኤ.አ. በ1599 የተሠራው ግሎብ ቴአትርም ጣሪያው ክፍት ነበር፤ የሼክስፒር ተዋንያን እኩለ ሌሊትን የሚጫወቱት በጠራራ ፀሐይ ነው። ሌሊቱን የሚያመጣው ንግግሩና በእጅ የተያዘ መብራት እንጂ መጋረጃ አይደለም። ዘቡ ብርዱን ያማርራል፤ እኛም ጋቢ አከናነብነው፣ እጁን እፍ እፍ አለ። ፋኖስ አስያዝነው።

ለግንቡ ማዳበሪያ ለመንን። አፈር ብንሞላው የመድረኩ ጣውላ አይችለውም፣ ጭድ ሞላንና እስከ ደረት ደረደርነው። ጭድና ፋኖስ ጎን ለጎን እንደማይቀመጡ የታየኝ በመጨረሻው ልምምድ ነው፤ ነጩን ጋዝ አስወጥተን የባትሪ አምፖል ከተትንበት። የከረጢቱ ክምር ግን ሁለት ቀን አሳስቦኝ ነበር። ተመልካቹ መንገድ ላይ እያየው የመጣውን ነገር አዳራሽ ውስጥ ልድገምበት? ዛሬም ቁርጥ መልስ የለኝም። ባዶውን መድረክ ስንሞክረው ዘቦቹ አውቶቡስ የሚጠብቁ ስለመሰሉ መለስኩት።

አንድ ነገር ግን ቀናኝ። በጽሑፉ መጀመሪያ ላይ «ማነው?» የሚለው በዘብ ላይ ያለው ወታደር ሳይሆን ሊተካው የሚመጣው ነው። ስለዚህ ክምሩን ወደ ተመልካቹ አዞርኩና ተተኪውን በአዳራሹ በር፣ በሰው መሐል አስገባሁት። በመጀመሪያው ትርኢት ከሰዉ ጀርባ ሆኖ «ማነው?» ሲል፣ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ቀልጠፍ ብሎ «ወገን!» አለ።

የሳቀ አልነበረም። መድረክ ላይ ያለው ዘብ ቃሉ ጠፍቶት ፋኖሱን ከፍ አደረገ።