ከችካሉ የሸሹት ኮኪናዎች

ኮኪና ቁመቷ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳ ናት። ፍሎሪዳ በአትላንቲክ ዳርቻ፣ ሞገዱ አሸዋውን እየላሰ በሚመለስበት ቦታ ትኖራለች። ሐምራዊ፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ ያልለበሰችው ቀለም የለም። የኛ ሥራ ግን መቁጠር ነበር። ባሕር የሸረሸረው ዳርቻ ላይ አዲስ አሸዋ ሊደፋ ስለሆነ፣ ከመደፋቱ በፊትና በኋላ ስንት እንዳሉ ይፈለጋል። እሷ ከተቀበረች የሚበሏት ወፎችና ዓሦችም ይራባሉ።

ችካል ይተከላል፣ አጠገቡ በአካፋ ይቆፈራል፣ አሸዋው በወንፊት ይታጠባል፣ የቀረው ይቆጠራል። በቃ።

በፊት የተቆጠረው ብዙ ነበር። አሸዋው ከተደፋ በኋላ ግን ወንፊቱ ላይ የቀረው የዛጎል ስብርባሪ ብቻ ሆነ። አለቃችን አላመነታም። «አልቀዋል፤ ሪፖርቱን ጀምሩ» አለ። የጠበቁት ነገር ሲመጣ ማን ይጠራጠራል?

አንድ በዕድሜ የገፉ ባልደረባችን ሳቁ። ኮኪና ለቅመው ሾርባ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሥጋዋ ኢምንት ስለሆነ ቀቅለው መረቁን በጨርቅ ያጠሉታል። (ባሕሩን የሚያቀላ መርዛማ አልጌ ሲበዛ ግን አይነኳትም፤ መርዙን መቀቀል አያጠፋውም።)

«ባሕሩ እኮ ሸሽቷል» አሉ። ወንፊቱን ይዘው ወደ ውኃው ወረዱ። አንድ አካፋ ዛቁ፤ ወንፊቱ በኮኪና ተሞላ።

ባሕር በየቀኑ ወደ ዳርቻው ይሞላል፣ መልሶም ይሸሻል። ኮኪና ምግቧን የምታገኘው ከውኃው አጥልላ ስለሆነ ውኃውን ትከተላለች። ባሕሩ ሲሞላ ከአሸዋው ብቅ ብላ ሞገዱ ወደ ላይ ይዟት እንዲሄድ ትተዋለች። ከዚያ በጡንቻማ እግሯ ቆፍራ ወዲያው ትሰወራለች። ሲሸሽ ደግሞ በተመላሹ ውኃ ትወርዳለች። የመጀመሪያው ቆጠራ ባሕሩ ሞልቶ ሳለ፣ ሁለተኛው ሸሽቶ ሳለ የተደረገ ነበር።

እኔን ያናደደኝ ቆጠራውን የምንሞላበት ቅጽ ነው። የነፋሱ አቅጣጫ ሳይቀር ይጠይቃል፤ ባሕሩ መሙላቱን ወይም መሸሹን የሚጻፍበት ቦታ ግን የለውም።

አለቃችን ሪፖርቱን አስቆመ። ከዚያ ወዲያ ከደረቁ አሸዋ እስከ ውኃው ድረስ በመስመር እየቆፈርን፣ ሰዓቱንና የባሕሩን ሁኔታ መመዝገብ ጀመርን። አዲሱ አሸዋ ጉዳት አድርሶ እንደሆነ ግን ገና አልታወቀም። የድሮውን ዳርቻ መልሶ መቁጠር አይቻልም፤ አሸዋ ተደፍቶበታል። ስለዚህ አዲስ አሸዋ ያልተደፋበትን ጎረቤት ዳርቻ ማወዳደሪያ አድርገን ሥራውን ከዜሮ ጀመርነው።