ልምድ ለማካፈል አበል የለም

«እኅቴ፣ ያለ ማስረጃ ማሰልጠን አይቻልም፤ ልምድ ማካፈል ግን ይቻላል» አለኝ የስልጠናው አስተባባሪ፣ ያቀረብሁለትን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ካርድ ወደ እኔ እየመለሰ። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ስጠይቀው ቅር ሳይለው አስረዳኝ፤ ለአሰልጣኝ አበል አለ፤ ልምድ ለሚያካፍል ሰው አበል የለም፤ በእረፍት ሰዓት ግን ከሰልጣኞቹ ጋር ሻይና ብስኩት ይቀርብለታል። ክፉ ሰው አይደለም፤ የነገረኝ መመሪያው የሚለውን ነው። ቢሆንም ያ አነጋገሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጊዜው የካቲት 2015 ነበር። ጅማ መርካቶ አካባቢ ጽሕፈት፣ ኮፒ፣ ጥራዝና የኮምፒውተር ጥገና የምሠራባት አንዲት ክፍል አለችኝ። ደንበኞቼ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያስጠርዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ማመልከቻ የሚያስጽፉ ባለጉዳዮችና የሠራተኞቻቸውን የደመወዝ መክፈያ (ፔሮል) የሚያሠሩ ነጋዴዎች ናቸው። ስልጠናው የራሳቸውን ሥራ መጀመር ለሚፈልጉ ወጣቶች የተዘጋጀ ሲሆን ሞጁሉን ተቀብዬ ሳገላብጠው ግማሹ ስለ ኮምፒውተር ትውልዶች፣ ስለ ግብዓትና ውጤት መሣሪያዎች የሚያትት ሆኖ አገኘሁት። በእረፍት ሰዓት ያነጋገርሁት ዶሮ እርባታ ሊከፍት ያሰበ አንድ ወጣት ኤኒያክ የተባለው የድሮ ኮምፒውተር 30 ቶን ገደማ ይመዝን እንደነበር ያውቃል፤ አንዲት ጫጩት እስክትጥል ድረስ ስንት ኪሎ መኖ እንደምትጨርስበት ግን አላሰላውም። እንዲህ ያለውን ሒሳብ የሚያስተምረው መኖው ካለቀበት ቀን በኋላ የሚመጣው ቀን ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያን ዕለትም አምን ነበር።

አሰልጣኙ በዲግሪ የተመረቀ፣ ንጹሕና ሥራውን የሚያከብር ወጣት ነው። ሰልጣኞቹ በእውነተኛ መዝገብ እንዲለማመዱ ማሰቡም የሚያስመሰግነው ነበር። ከሰልጣኞቹ የአንዱ አጎት እሸት ቡና እየገዙ የሚያስፈለፍሉ ነጋዴ ሲሆኑ፣ ሐጂ ተብለው ነው የሚጠሩት፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ 2015 ድረስ የገዙበትን ደብተር ሰጡ። ወጣቶቹ ገጾቹን ተከፋፍለው በኮምፒውተሩ የሒሳብ ሰንጠረዥ፣ በኤክሴል መዘገቡት። ቀኑን የጻፉት እንደ ደረሰኙ ነው፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ማሽኖቹም በዚያው ቅደም ተከተል እንዲቀበሉ ተስተካክለው ነበር።

ችግሩ የታየው ሪፖርቱ ሲወጣ ነው። የዓምዱ ጠቅላላ ድምር ከደብተሩ ጋር እኩል ነው፤ ከ1/2/2015 እስከ 30/4/2015 ብሎ በቀን ገደብ የሚደምረው ቀመር ግን የሁለት ቀን ግዢ ይጎድለዋል። አሰልጣኙ ረድፎቹን በድጋሚ አስጻፋቸው፤ ያው ሆነ። እኔ ልምዴን ላካፍል በደረስሁበት ጠዋት ሐጂም መጥተው ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር። አሰልጣኙም በትሕትና «ምናልባት የእነዚያ ቀናት ግዢ በሌላ ቀን ተመዝግቦ ይሆናል» ሲላቸው የሰውዬው ፊት ተለዋወጠ። እሸት ቡና ውሎ ቢያድር ይበላሻል፤ የተገዛበት ዕለት ካልተፈለፈለ ጣዕሙም ዋጋውም ይወድቃል። ለእርሳቸው ቀን ማለት የጽሑፍ ጉዳይ ሳይሆን የማሽኑ ነዳጅ፣ የጫኝ አውራጅ ሒሳብና የሌሊት እንቅልፍ ነው።

ፈቃድ ጠይቄ ወደ ማሽኑ ቀረብሁ። አሰልጣኙ ለዓይን እንዲያምር ዓምዶቹን ሁሉ መሐል ለመሐል አድርጓቸዋል። ያንን ሳነሳው ቀኖቹ ሁሉ ወደ ቀኝ ሲሰለፉ ጥቅምት 29ና ጥቅምት 30 ብቻ ወደ ግራ ሸሹ። ቀጥዬ ዓምዱን ወደ ቁጥር ቀየርሁት፤ 28/2/2015 የነበረው 42063 ሆነ፣ ቀጣዩ 1/3/2015 ደግሞ 42064 ሆነ፤ እነዚያ ሁለቱ ግን ንቅንቅ አላሉም። ኤክሴል ቀንን የሚይዘው ከጃንዩዋሪ 1 ቀን 1900 ጀምሮ በተቆጠረ ቁጥር ነው፤ ሁለተኛ ወር ሲባል የሚያውቀው ፌብሩዋሪን ነው፤ በፈረንጆቹ 2015 ደግሞ ፌብሩዋሪ በ28 ያበቃል። ስለዚህ ሁለቱን ቀናት እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጣቸዋል፤ በቀን ገደብ ሲደምርም ያልፋቸዋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ከጥቅምት 28 እስከ ኅዳር 1 ሦስት ቀን መሆኑ ቀርቶ አንድ ቀን ይላል። ብድር በቀን ለሚያሰላ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሰልጣኙ ነገሩን ወዲያው ተረዳው፤ ይህን አልነፍገውም። ተረድቶም «ትክክለኛው መፍትሔ ቀኑን ሁሉ ወደ ጎርጎርዮሳዊው ለውጦ መመዝገብ ነው» አለ። እንደ መጽሐፉ ከሆነ ትክክል ነው።

ሐጂ ሰሙት፤ ትንሽ ዝም ብለውም «ልጄ» አሉት፣ «ገበሬው ከማና ወረዳ አህያውን ጭኖ የመጣው ጥቅምት 30 ነው። ደረሰኙም ጥቅምት 30 ይላል። እናንተ ዘንድ ቀኑ ከሌለ እኔ ያንን ቡና የገዛሁት መቼ ነው?»

ክፍሉ ውስጥ መልስ የሰጠ የለም። እኔም ብሆን ለጥቂት ጊዜ ደስታዬን በፊቴ ላይ እንዳይነበብ መከላከል ነበረብኝ።

ያቀረብሁት መላ ተራ ነው። ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት ዓምድ ተለያይተው ይጻፉ፤ በአራተኛው ዓምድ ዓመቱ በ365 ይባዛ፤ በየአራት ዓመቱ ለምትመጣው ጳጉሜን 6 ሲባል ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ የሚገኘው ሙሉ ቁጥር ይጨመርበት፤ ወሩ በ30 ተባዝቶ ይደመር፤ በመጨረሻም ቀኑ ይጨመር። ወሮቻችን ሠላሳ ሠላሳ ስለሆኑ የእኛ ሒሳብ ከፈረንጁ ይቀላል። ሪፖርቱ ከደብተሩ ጋር ገጠመ፤ ሐጂም ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ሲወጡ «ይባርክሽ ልጄ፣ ዲግሪሽ ከየት ነው?» አሉኝ። አስተባባሪው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። መልሱን ለእርሱ ተውሁለት።

አሰልጣኙ በሻይ ሰዓት አጠገቤ ተቀምጦ «ይህን የት ተማሩት?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሥራ ላይ» አልሁት። ሐሰት አይደለም። የደንበኞቼን ፔሮል ስሠራ የጥቅምት መጨረሻ ሁልጊዜ እንደሚያስቸግር አይቻለሁ፤ ለምን እንደሚያስቸግር ግን ለብዙ ጊዜ አላውቅም ነበር፤ እየጠገንሁ አልፈው ነበር። ምክንያቱን ያገኘሁት አንድ ተማሪ ለጥራዝ ትቶት ሳይወስደው በቀረ የኮሌጅ ሞጁል ውስጥ ሲሆን፣ ያነበብሁትም በክረምት ዝናብ ደንበኛ በጠፋበት ሰሞን ባንኮኒዬ ላይ ተደግፌ ነው። ባንኮኒዬ የሥራ ቦታዬ ነው፤ ስለዚህ ሥራ ላይ ነው የተማርሁት።

እንዲህ በማለቴ ትምህርትን የምንቅ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አለ፤ ሙያውን ያገኘው ከእጁ ብቻ ነው። ማሽን ቢዘገይም፣ ፕሪንተር አልታዘዝ ቢልም፣ ፍላሽ አልነበብ ቢልም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ፎርማት ያደርገዋል። ለምን ስለው «እንዲህ ሲደረግ ይሠራል» ይለኛል። ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ የደንበኛው ፋይል ግን አብሮ ይሄዳል። የራሱን ሱቅ ሊከፍት እንደሚያስብ ከነገረኝ ቆይቷል፤ ያ ሞጁል ዛሬም መደርደሪያዬ ላይ ነው፤ ገልጦት አያውቅም። እኔም አንብበው ብዬው አላውቅም፤ ጎረቤት ተፎካካሪ ማፍራት የሚቸኩል ሰው አላየሁም።

በ2016 ሁለተኛው ዙር ስልጠና ሲጀመር አሰልጣኙ ራሱ የሰልጣኞቹን መማሪያ ኮፒ ሊያስደርግ ወደ ኮፒ ቤቴ መጣ። ሞቅ ያለ ሰላምታ ሰጠኝ። «የኢትዮጵያን ቀን በኤክሴል መመዝገብ» የሚል አዲስ ምዕራፍ ገብቷል፤ አዘጋጅ በሚለው ቦታ ስሙ ከነዲግሪው ተጽፏል። ማሽኑ ሲሞቅ አነበብሁት። ሦስቱ ዓምዶች አሉ፤ በ365 ማባዛቱም፣ በ30 ማባዛቱም አለ። ለ4 ማካፈሉ የለም። ትርፍ መስሎት አውጥቶት ይሆናል። በእርሱ ቀመር ከተሄደ ጳጉሜን 6 ቀን 2015ና መስከረም 1 ቀን 2016 አንድ ቀን ናቸው።

«ስንት ኮፒ ይሁንልህ?» አልሁት።

«ለሁሉም ሰልጣኝ» አለና ቁጥሩን ነገረኝ። የደንበኛን ጽሑፍ ማረም የኮፒ ቤት ሥራ አይደለም፤ አርሚልኝ የሚል ደግሞ ለብቻው ይከፍላል። በሁለቱም ገጽ አድርጌ አወጣሁለት፤ ስቴፕል መትቼ አስረከብሁት፤ ሒሳቤንም ተቀበልሁ። ደረሰኙን የጻፍሁት በኢትዮጵያ ቀን ነው።