ምላጭ የሚያስውጥ እልህ

«ጋሼ፣ ካልተናደድኩ መሮጥ አልችልም» አለኝ ባለፈው ቅዳሜ ገና እረፍት ሳይደርስ የቀየርኩት የ15 ዓመት አማካይ። ኳስ በተነጠቀ ቁጥር ነጣቂውን ከኋላው እየተከተለ ይመታል። ሦስተኛው ጥፋት ላይ አስወጣሁት። አዳማ ውስጥ ታዳጊዎችን ማሠልጠን ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ፤ ለዚህ ንግግር ግን ወዲያው መልስ አላገኘሁለትም። ማታ ቤቴ ገብቼ የቀድሞውን የማንቸስተር ዩናይትድ አምበል የሮይ ኪንን አንድ አሮጌ ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁ።

ኪን የአየርላንዷ ኮርክ ልጅ ነው። በልጅነቱ ቦክስ ተጋጥሟል። የሙከራ ዕድል ለማግኘት ለእንግሊዝ ክለቦች ደብዳቤ ቢጽፍም የሚቀበለው አጣ፤ ትንሽ ነህ ተብሎም ተመልሷል። እኩዮቹ ባሕሩን ሲሻገሩ እሱ እዚያው ኮብ ራምብለርስ ለሚባል ትንሽ ክለብ ይጫወት ነበር። በ1990 ኖቲንግሃም ፎረስት በ47 ሺህ ፓውንድ ሲወስደው 18 ዓመቱ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ማንቸስተር ዩናይትድ 3.75 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈለበት። በር የተዘጋበት ልጅ በሩ ከተከፈተለትም በኋላ ነገ ሊዘጋብኝ ይችላል እያለ የሚጫወት ይመስለኛል። እልህ የምለው ይህንን ነው።

ሆኖም «እልህ ምላጭ ያስውጣል» ይባላል፤ ኪንም ውጦታል። በሴፕቴምበር 1997 ሊድስ ሜዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲያናድደው የዋለውን የሊድሱን ተጫዋች አልፍ ኢንግ ሃላንድን ጠልፎ ለመጣል እግሩን ሲዘረጋ የተበጠሰው የራሱ የጉልበት ጅማት ነው። ሃላንድ አናቱ ላይ ቆሞ አስመሳይ አለው። የውድድር ዘመኑ ለኪን በዚያው አበቃ፤ ዋንጫውንም አርሰናል ወሰደ። አንድ የንዴት እግር አንድ ሙሉ ዓመት በላ።

እኔ ያየሁት ጨዋታ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፦ ኤፕሪል 21 ቀን 1999፣ ቱሪን፣ የጁቬንቱስና የማንቸስተር ዩናይትድ የሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ የመልስ ጨዋታ። ጁቬንቱስ በ11 ደቂቃ ውስጥ በፊሊፖ ኢንዛጊ ሁለት ጎሎች መራ። በ24ኛው ደቂቃ ቤካም የማዕዘን ምት አሻማ፤ አምበሉ ኪን ሮጦ ገብቶ በግንባሩ አስቆጠረ። ደስታውን ለማሳየት አልቆመም፤ ፊቱን አዙሮ ወደ መሃል ሜዳ ሮጠ። በ33ኛው ደቂቃ የቡድን ጓደኛው ብሎምክቪስት ያቀበለው ኳስ አጠረበትና የጁቬንቱሱን ዚዳንን ጠለፈ። ቢጫ ካርድ። ከቀደሙት ጋር ተደምሮ ስለሚያስቀጣው ቡድኑ ቢያልፍም እሱ ፍጻሜውን አይጫወትም።

ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ ላሳየው የፈለግሁት ከዚህ በኋላ ያለውን 57 ደቂቃ ነው። ለራሱ የቀረለት ነገር የለም። ሌላ ቢጫ ካየ ደግሞ ቡድኑ በአሥር ሰው ይቀራል። ስለዚህ ኪን እየሮጠ፣ እየነጠቀ፣ እየጮኸ፣ እግሩን ግን እየጠበቀ ተጫወተ። ዮርክ አቻ አደረገ፣ ኮል ሦስተኛውን ጨመረ፣ 3 ለ 2 አለቀ። በፍጻሜው ባርሴሎና ከተማ ውስጥ ባየርን ሙኒክ በዩናይትድ ሲሸነፍ ኪን ሜዳው ውስጥ አልነበረም። የቱሪኑን ምሽት ሰዎች ሲያወድሱለት እንኳ ሥራዬን ነው የሠራሁት ባይ ነው።

ከዚያ ወዲያ መልአክ ሆነ አልልም። በ2001 ያንኑ ሃላንድን ጉልበቱ ላይ መትቶ በቀይ ካርድ ወጥቷል፤ ያ ምት ያሳዝነኛል፤ ለማንም ልጅ በአርአያነት አላሳየውም። ንዴቱ ሳይጠፋ አብሮት እንደኖረ ግን ይነግረኛል። ልጄንም «አትናደድ» ማለቱን የተውኩት ለዚህ ነው።

ማክሰኞ ልምምድ ላይ በሜዳው አንድ አራተኛ ክልል ውስጥ አራት ለአራት አጫወትኳቸው፤ ሕጉ አንድ ነው፦ ኳስ የተነጠቀ ሰው ተጋጣሚውን ሳይነካ ቀድሞት ከጎሉ ፊት መድረስ አለበት። ልጁ መጀመሪያ ላይ አኮረፈ። ሃያ ደቂቃ ሲሆነው ማልያው ከጀርባው ጋር ተጣብቆ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ከሁሉም ቀድሞ ይመለስ ነበር። የፊታችን ቅዳሜ መሃል ላይ አሰልፈዋለሁ።