ከማኅተሙ ላይ ያሉት ፊደላት፦ የሰባት ሳምንት ንባቤ

ንባቡን ያስጀመረችኝ በመሳቢያዬ ውስጥ የተቀመጠች ያልተከፈለች የዱቤ ሽያጭ ደረሰኝ ናት። ወረቀት የወሰደብኝ ማተሚያ ቤት ከተዘጋ ቆይቷል፤ በክቡ ሐምራዊ ማኅተም ላይ ግን «ኃ.የተ.የግ.ማ.» የሚለው ዛሬም ጎልቶ ይነበባል። «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» ማለት ነው፤ ዕዳው የማኅበሩ እንጂ የባለቤቶቹ የግል ዕዳ አይደለም። ስንት ዓመት እንደ ጌጥ አየሁት!

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት የበላብኝ አንድ የለንደን ጫማ ሠሪ ነው። አሮን ሰሎሞን እ.ኤ.አ. በ1892 ሥራውን ራሱ ላቋቋመው ኩባንያ ሸጠ። ባለአክሲዮኖቹ እሱ፣ ሚስቱና አምስት ልጆቹ ነበሩ። ከዋጋው 10,000 ፓውንዱን በኩባንያው ንብረት ላይ መያዣ ባለው የዕዳ ሰነድ ተቀበለ። ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ ከሰረ። የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ሰሎሞን ራሱ ዕዳውን ይሸከም አሉ፤ ያኔ የአገሩ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ግን በ1896 ሻረው፤ ኩባንያው ሌላ፣ ሰውየው ሌላ ነው ብሎ።

በደብተሬ ላይ «ሰሎሞን ከዕዳ አመለጠ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ሰረዝኩት። ነገሩ ማምለጥ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ሰነድ ምክንያት ያለ መያዣ በዱቤ ከሸጡት ሁሉ ቀድሞ ሰልፉ ፊት ቆሟል። (ክፉ ሰው ነበር ለማለት ግን ይከብደኛል፤ ሰነዱን አስይዞ የተበደረውን ገንዘብ መልሶ ለኩባንያው ሰጥቶታል።) እንግሊዞች ከብዙ ዘመን በኋላ ከአንዳንድ መያዣዎች ላይ መያዣ ለሌለው ተራ ባለዕዳ ጠያቂ (እንደ እኔ በዱቤ ለሸጠ) ተቀንሶ የሚቀመጥ ድርሻ ደነገጉ፤ ጣሪያው አሁን 800,000 ፓውንድ ነው።

ቀጥሎ ጀርመን። እንደ እኔ ያለውን ሻጭ ከኪሳራ የሚከላከልለት ማኅበሩ ሲቋቋም የሚዋጣው የመነሻ ካፒታል ይመስለኝ ነበር፤ 25,000 ዩሮ። ተሳስቻለሁ። ያ ገንዘብ በካዝና የሚቆለፍ አይደለም፤ ለኪራይና ለማሽን ሲወጣ ያልቃል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ደግሞ በአንድ ዩሮ የሚቋቋም ዓይነት አለ፤ ካፒታሉ 25,000 እስኪሞላ ድረስ ከትርፉ ሩቡን እያስቀመጠ። ጥርስ ያለው ሌላው ሕግ ነው፤ ኩባንያው መክፈል ካቃተው ሥራ አስኪያጁ ቢበዛ በሦስት ሳምንት፣ ዕዳው ከንብረቱ ከበለጠ ደግሞ በስድስት ሳምንት ውስጥ ፍርድ ቤት ሄዶ ማስታወቅ አለበት። ካላደረገ በግሉ ይጠየቃል፤ በወንጀልም ጭምር። የእኔ ደንበኛ ግን መክፈል ካቃተው በኋላ ለስንት ወር «ነገ ና» ሲለኝ እንደ ነበር አስታወስኩ። ሦስተኛውን የወረቀት ጭነት የላክሁትም በዚያን ጊዜ ነው።

ወደ አገር ቤት ስመለስ የ1952ቱ የንግድ ሕግ ለግል ማኅበር የደነገገው ዝቅተኛ ካፒታል 15,000 ብር ሆኖ አገኘሁት። ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ደህና ስልክ አይገዛም። ባንክ ግን በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ ይሸጣል። የማተሚያ ማሽኖቹ የት እንደ ገቡ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

በመጪው ሳምንት የማነበው በተንቀሳቃሽ ንብረት ላይ መያዣ ስለማስመዝገብ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ነው። ከመካከላችሁ ሕግ የተማራችሁ አንድ ነገር ብትረዱኝ፦ በሸጥኩት ወረቀት ላይ መያዣ ባስመዘግብ፣ ወረቀቱ ታትሞ መጽሐፍ ከሆነ በኋላ መያዣዬ ምን ላይ ያርፋል?