ያልጠጣሁት የ65 ዶላር ቡና

የዱኦሊንጎን የእንግሊዝኛ ፈተና ሁለቴ ተፈትኛለሁ። የመጀመሪያው ውጤት የለውም። ዝቅ ያለ ውጤት ማለቴ አይደለም፤ ጭራሽ ውጤት የለውም። ሁለተኛው 125 ነው። በመካከላቸው ያለው አንድ ወር ነው፤ በአንድ ወር እንግሊዝኛዬ ያን ያህል አልተሻሻለም። የተሻሻለው ሌላ ነገር ነው። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

ለማያውቀው፣ ፈተናው ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ የሚሆን፣ ቤት ተቀምጦ በራስ ላፕቶፕ የሚሠራ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ውጤቱ ከ10 እስከ 160 በአምስት በአምስት ይሄዳል፤ በሁለት ቀን ይደርሳል፤ ሁለት ዓመት ያገለግላል። ጥያቄው እንደ መልሳችሁ ይከብዳል ወይም ይቀላል። ስለዚህ ከበደኝ ብላችሁ አትደንግጡ፤ መክበዱ ደግ ምልክት ነው። እኔ ያመለከትኩባቸው ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች የጠየቁት 120 ነበር። አይኤልትስን፣ ሌላውን የታወቀ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ የተውኩት በዋጋው ምክንያት ነው።

ይሄኛውም ቢሆን ርካሽ አይደለም። ያኔ 65 ዶላር ነበር። ከሐምሌ 2016 በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ እኔ ስፈተን ከ120 አልፏል። እናንተው አስሉት። ብሩስ ይሁን፤ በምን ይከፈላል? አንድ ባንክ ሄጄ ሁለት ሰዓት ተሰለፍኩ። ልጅቷ ቀና ሳትል «የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ አለዎት?» አለችኝ። የለኝም። «እንግዲያው አይሆንም» ብላ ቀጣዩን ጠራች። በመጨረሻ ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ በካርዷ ከፈለችልኝ። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ዝግጅቱ ስድስት ሳምንት ወሰደ። ከሁሉም የጠቀመኝ የቢቢሲ የስድስት ደቂቃ እንግሊዝኛ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር እሰማለሁ፣ አቆመዋለሁ፣ እጽፈዋለሁ፣ ከጽሑፉ ጋር አስተያየዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ከአሥር ሁለቱን ብቻ ነው ያገኘሁት። ያመለጠኝ ትልልቁ ቃል አልነበረም። «ዘ» እና «ኤ» ናቸው፤ ቃል መጨረሻ ላይ ያለችው «ስ» ናት። ጆሯችን እነሱን እንደ ትንፋሽ ነው የሚያልፋቸው። አናባቢውማ ሌላ ጉድ ነው። የእንግሊዝኛው መርከብም በግም በኛ ፊደል ሲጻፉ ሁለቱም «ሺፕ» ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንግሊዝኛ ተምሬ ሁለቱን በጆሮዬ የለየሁት በ27 ዓመቴ ነው።

የቃሉ ግማሽ ተቆርጦ የሚሞላበት ጥያቄ አለ። ለእሱ መድኃኒቱ ማንበብ ነው፤ አቋራጭ የለውም። ነጻ የልምምድ ፈተናም አለ። ብዙ ሰው በየቀኑ ሥሩት ይላል። እኔ ግን ከሦስት ጊዜ በላይ አትንኩት ባይ ነኝ። ከዚያ በኋላ የምትለማመዱት እንግሊዝኛውን አይደለም፣ ቁጥሩን መውደድ ነው።

ፎቶ አይቶ ስለ እሱ የሚጻፍበት ጥያቄም አለ። ለእሱ ዩቲዩብ ላይ የሚሸመደድ አጀማመር የሚያስተምሩ አሉ። እኔም ሸምድጄ ነበር። «ዚስ ፒክቸር ዲፒክትስ»፣ ማለትም «ይህ ምስል የሚያሳየው»፣ ብዬ እጀምርና ምስሉን ሳላይ አንድ መስመር እሞላለሁ። ለፎቶው የሚሰጠው አንድ ደቂቃ ነው። ሃያውን ሰከንድ በሰላምታ ጨርሼ፣ ሴትየዋ ቲማቲም እየሸጠች እንደሆነ ሳልጽፍ ሰዓቱ ያልቃል። ተዉት። ያያችሁትን ጻፉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

የምኖረው ግቢ ውስጥ፣ ሰርቪስ ቤት ነው። አንድ በር፣ አንድ ትንሽ መስኮት። ፈተናውን ለቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ያዝኩት። ደንቡ ብቻችሁን ሁኑ፣ ከማንም ጋር አታውሩ፣ ጆሯችሁ ይታይ፣ ዓይናችሁ ከስክሪኑ አይውጣ ይላል። አንብቤዋለሁ። የሚያናድደኝም ይሄ ነው፤ አንብቤዋለሁ። ፓስፖርቴን አዘጋጀሁ፣ ባትሪ ሞላሁ፣ በሩን ቆለፍኩ። ለአከራዬ ለእትዬም ነገርኳቸው፦ «እትዬ፣ ዛሬ ፈተና አለብኝ፤ እንዳልረበሽ።» «ውይ የኔ ልጅ፣ ማን ይረብሽሃል!» አሉኝ። ልጆቹን ከግቢ አስወጡ። ሬዲዮኑን ዘጉ። ውሻው እንኳን ታሰረ።

አርባ ደቂቃ ያህል መልካም ሄደ። ከዚያ የመናገር ጥያቄ መጣ። ፎቶ ይታያችኋል፣ ሃያ ሰከንድ ታስባላችሁ፣ እስከ ዘጠና ሰከንድ ትናገራላችሁ። አሰብኩ። እንዴት ነው የማስበው? ጣሪያውን እያየሁ። የቆርቆሮው ምስማሮች ስንት እንደሆኑ ዛሬም ልነግራችሁ እችላለሁ። እኛ ስናስብ ወደ ላይ እናያለን፤ ትልቅ ሰው ሲያናግረን ደግሞ ወደ መሬት። አፍጥጦ ማየት ድፍረት ነው ተብለን ነው ያደግነው። ካሜራው ይህን ከየት ያውቀዋል? እሱ የሚያየው ጣሪያ ላይ የተለጠፈ ነገር የሚያነብ ሰው ነው።

ይህም አልበቃ። ንግግሩ መሀል ላይ ስደርስ መስኮቱ ቀስ ብሎ ተከፈተ። የእትዬ እጅ ገባ። እጁ ላይ ስኒ። «ልጄ፣ አቦሉ ነው፤ ሳይቀዘቅዝብህ» አሉ በሹክሹክታ። እኔም ዞር ብዬ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። ሳልዞር ብቀጥል ምናልባት ይታለፍ ነበር። ዞርኩ። ጭራሽ «ኋላ፣ ኋላ!» አልኩ፣ በአማርኛ፣ ማይኩ እየቀዳ።

እሳቸው ምን አጠፉ? «አትረብሹኝ» ነው ያልኳቸው። በእትዬ ዓለም ቡና መረበሽ አይደለም። ፈተና ላይ ላለ ሰው ቡና ካልተሰጠ ለማን ይሰጣል? «አንድ ሰዓት ሙሉ ቤቴ አጠገብ ማንም ድምፅ እንዳያሰማ፤ ከተሰማ ብሬ ይበላል» ማለት ነበረብኝ። ነውር መሰለኝና አለሳለስኩት። የይሉኝታዬ ዋጋ 65 ዶላር ሆነ።

ሁለት ቀን ጠበቅኩ። በየአሥር ደቂቃው ኢሜይል እከፍታለሁ። መልሱ መጣ፦ ዓይን ከስክሪኑ ወጥቷል፣ ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ አለ፣ ውጤቱ አይረጋገጥም። ይግባኝ ማለት ይቻላልና ይግባኝ ጻፍኩ። ስለ ቡና ሥርዓታችን፣ ስለ አቦል፣ ስለ አከራዬ ደግነት። በሕይወቴ ከጻፍኩት እንግሊዝኛ ሁሉ የተዋጣለት እሱ ነው። ውሳኔው አልተለወጠም። እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን አልለውጠውም ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ቨርጂኒያ ሁለተኛ መደወሉ ነው። ስልኩን ሦስት ቀን ሳነሳና ሳስቀምጥ ቆየሁ። የአክስቴ ልጅ ሌሊት ሌሊት ነው የምትሠራው። «ወደቅክ?» አለችኝ። «አልወደቅኩም፤ ቡና መጣብኝ» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች። ቆይታ ደግሞ «እሺ፣ የዛሬ ሳምንት ደሞዝ ይገባል፤ ያኔ እከፍልልሃለሁ» አለች። ያቺ ሳምንት ናት ያስከፈለችኝ። አንደኛው ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ከዘጋ በአራተኛው ቀን ነው ሁለተኛው ውጤቴ የደረሰው። በሁለት ቀን ይደርሳል መባሉን አምናችሁ የማመልከቻው መዝጊያ ሲደርስ አትፈተኑ። ቢያንስ አንድ ወር ሲቀራችሁ ተፈተኑ።

በዚያ ሳምንት እንግሊዝኛ አላጠናሁም። ዓይን ነው ያጠናሁት። የእትዬን የአሥር ዓመት ልጅ ሳህንና ማንኪያ አስይዤ ፊት ለፊቴ አስቀመጥኩት። ሰዓት ይዤ ስለ አንድ ፎቶ ዘጠና ሰከንድ አወራለሁ። ዓይኔ ከስክሪኑ በወጣ ቁጥር ሳህኑን ይመታል። የመጀመሪያው ማታ እንደ ደወል ነበር የሚጮኸው፤ ጎረቤት ሠርግ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ክፍያው በቀን ሁለት ከረሜላ ነው። አምስተኛው ቀን ላይ ሳህኑ ዝም አለ። ልጁ ሰለቸውና ሄደ።

በማንኛውም ሰዓት መፈተን ትችላላችሁ ይላሉ። አዲስ አበባ፣ ግቢ ውስጥ ለሚኖር ሰው ያለው ሰዓት አንድ ነው፤ ከሌሊቱ ስምንት። እሱም በዓል ዋዜማ ካልሆነ፣ ማይክራፎን ያለው ቤተ ክርስቲያን አጠገባችሁ ከሌለ። መብራት ቢሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳልና የስልኬን ዳታ ሆትስፖት አድርጌ ተጠቀምኩ። ብርድ ነበር። ጋቢ ለበስኩ፤ ግን ጆሮዬ እንዲታይ ከአንገቴ በታች አወረድኩት። አምፖሉ ከኋላዬ ስለነበር ፊቴ እንዳይጨልም ጠረጴዛውን አዞርኩ። መስኮቱን በካርቶን ዘጋሁ። እትዬም በሬ ላይ ወንበር አስቀምጠው ማንም እንዳያልፍ አጥር ሠሩ፤ ራሳቸውንም ጨምሮ።

125 የመጣው ማክሰኞ ማታ ነው። ቨርጂኒያ ደወልኩ። የአክስቴ ልጅ የመጀመሪያውንም የሁለተኛውንም ብር አልቀበልም አለች። ከዚያ ወደ እትዬ ቤት ገባሁና ነገርኳቸው። እልል አሉ፣ ቡና አቀረቡ፣ አቦሉን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። እስክጨርሰው ድረስ ዓይናቸውን ከስኒው ላይ አላነሱም። በፊተኛው የወደቅኩት ሳልጠጣው ስለመለስኩት ነው ብለው ነው እስከ ዛሬ የሚያምኑት።