«አሉ» በልበት

ጉስታቭ ኤንግልብሬክት የሚባል ጀርመናዊ መርከበኛ ከሞተ ከ160 ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔ ግን እስካሁን ቂም ይዤበታለሁ። በእሱ ምክንያት የአንድ ቀን ቲፕ ቀርቶብኛል።

ሲያትል ውስጥ ቱሪስት የሚያመላልስ ቫን እነዳለሁ። ሹፌርም አስጎብኚም ነኝ፤ ደመወዙ ግን የአንዱ ብቻ ነው። የዚያን ቅዳሜ ፖርት ጋምብል ተመደብኩ። ጠዋት በባይንብሪጅ ፌሪ መሻገር፣ ፖልስቦ ላይ ቡና፣ ከዚያ ፖርት ጋምብል፣ ማታ በኪንግስተን ፌሪ መመለስ። ከቢሮ ሁለት ገጽ ወረቀት ተሰጠኝ፤ «በቃልህ ያዘው» ተባልኩ። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ። ሸምድድ ካሉኝ እሸመድዳለሁ።

ፖርት ጋምብልን ከተማ ለማለት ይከብዳል። ነጫጭ የእንጨት ቤቶች፣ ሹል ጉልላት ያለው ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ሱቅ፣ በቃ። በ1853 የሜይን ግዛት ሰዎች የሆኑት ፖፕ እና ታልቦት ከሸሪኮቻቸው ጋር የእንጨት መሰንጠቂያ ተከሉበት። ወርቅ ያሳበጣት ሳን ፍራንሲስኮ ጣውላ አልበቃት ብሎ ነበር። ሠራተኛ ከዚያው ከአገራቸው፣ ከኢስት ማቻያስ፣ አስመጡ። ቤተ ክርስቲያኑንም የዚያን አገሩን አስመስለው ሠሩት። (አልፈርድባቸውም። እኛስ ምግብ ቤት በከፈትን ቁጥር ግድግዳው ላይ ላሊበላን እናስል የለ?) መሰንጠቂያው በ1995 ሲዘጋ 142 ዓመት ሠርቶ ነበር። ዛሬ ቦታው ባዶ ነው። ባሕሩ ውስጥ ተተክለው የነበሩት ክሪዮሶት የሚባለውን የእንጨት ማቆያ ቅባት የጠጡ ግንዶች እንኳ በሺዎች ተነቅለው ወጥተዋል።

የአስጎብኚ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሰው መሰንጠቂያ አሳያለሁ ብለህ ታመጣለህ፤ መሰንጠቂያ የለም። ስለዚህ ሁላችንም ወደ መቃብሩ እንሮጣለን።

መቃብሩ ኮረብታ ላይ ነው፤ ባሕሩን ቁልቁል ያያል። ኤንግልብሬክት የተኛው እዚያ ነው። ኖቬምበር 1856 ከሰሜን በትልልቅ ታንኳ የመጡ የነባር ሕዝቦች ተዋጊዎች እዚያ አካባቢ ሰፈሩ። ማሳቹሴትስ የተባለችው የጦር መርከብ ልታስወጣቸው መጣች። አንሄድም አሉ። መድፍ ተተኮሰ። ከመርከቧ ሰዎች አንድ ሞተ፣ እሱ። ወረቀቱም «በፓስፊክ ውቅያኖስ በውጊያ የሞተ የመጀመሪያው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰው» ይለዋል።

ይህችን ዓረፍተ ነገር መስታወት ፊት ተለማምጃታለሁ። መቃብሩ ፊት ቆምኩ። ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። «የመጀመሪያው» ላይ ትንሽ ረገጥ አድርጌ አልኳት።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ እጁን አወጣ። የባሕር ኃይል ኮፍያ አድርጓል። ጠዋት ፌሪ ላይ ኮፍያውን አይቼው ነበር። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

«አይደለም» አለኝ።

«ምኑ?»

«የመጀመሪያው አይደለም። የጦር መርከባችን ኤሴክስ። ቫልፓራይሶ። 1814።»

ቫልፓራይሶ የት እንደሆነች እንኳ አላውቅም። ጣልያን መሰለችኝ። «ጌታዬ፣ ወረቀቱ ላይ…» ብዬ ጀመርኩ። አዎ፣ ከአፌ የወጣው «ወረቀቱ» ነው። እንግዳ ፊት!

«ቫልፓራይሶ ያለችው ቺሊ ነው» አለ። «ቺሊ ያለችው ፓስፊክ ላይ ነው። እንግሊዞች ወደቡ አፍ ላይ ይዘውን 58 ሰው ነው የሞተብን።»

«የሞተብን» ነው ያለው። ባለፈው ሳምንት እንደቀበረ ሰው። አንዲት ሴትዮ ስልኳን አውጥታ ፈለገች፣ ፈለገች፣ «እውነቱን ነው» አለች።

አሁን ምን ይባላል? ሐበሻ ነኝ፤ ከሽማግሌ ጋር ቃል መመላለስ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። ዝም ብል ጥሩ ነበር። እኔ ግን «ምናልባት በዚህ በኩል ያለውን ፓስፊክ ማለታቸው ይሆናል» አልኩ። አንዱ ከት ብሎ ሳቀ። በዚህ በኩል ያለው ፓስፊክ! የሰፈር ቧንቧ አደረግኩት።

ከመቃብሩ ወርደን የሁድ ካናልን ተንሳፋፊ ድልድይ ልናይ ሄድን። በ1979 ማዕበል መትቶት ግማሹ እንደሰጠመ ነገርኳቸው። ሽማግሌው ጮክ ብሎ «እሱ ልክ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ያወራሁትን በሙሉ አንድ በአንድ አረመልኝ። «እሱ ልክ ነው።» «እሱም ልክ ነው።» ፌሪው የሚነሳበትን ሰዓት ስናገር እንኳ «ልክ ነው» አለ። ማታ ሲወርዱ እጄን ጨበጠኝ፣ በጣም ትሑት ሰው ነው፣ ሄደ። ቲፕ ሳጥኗ ውስጥ ጠዋት እኔው ለማሟሟቂያ የከተትኳት አምስት ዶላር ብቻ ነበረች።

ሰኞ አለቃዬ ጠራኝ። አንድ እንግዳ ቅሬታ ጽፏል። ወረቀቱን ያዘጋጀው ራሱ አለቃዬ መሆኑን እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ።

«ከእንግዳ ጋር ለምን ትከራከራለህ?»

«የተሳሳተው ወረቀቱ ነው» አልኩት።

«እኔ ከራሴ አላመጣሁትም። እንደዚያ ነው የሚባለው» አለኝ።

በነጋታው መኪና ስናጥብ ለጋሼ አጫወትኳቸው። ከሁላችን ቀድመው በዚህ ሥራ የቆዩ ሰው ናቸው። ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ አማርኛህን የት ጣልካት? ‹የመጀመሪያው ነው› ያልክ እንደሆነ ምስክር ቁጠር ትባላለህ። ‹የመጀመሪያው ነው አሉ› ብትል ማን ይይዝሃል? ‹አሉ› በልበት! በእንግሊዝኛም ‹ዴይ ሴይ› አለላቸው።»

ሞከርኩት። እንዴት ያለ ቃል ነው! መሰንጠቂያው 142 ዓመት ሳያቋርጥ ሠራ አሉ። ያ ትልቁ ቤት ውስጥ መንፈስ ይዞራል አሉ። ባለ ኮፍያ እንግዳ እንኳ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ቲፑም ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት የቢሮው ወረቀት ራሱ «እንደሚባለው» የምትል ቃል ገባችበት። ማን እንዳስገባት አልተነገረንም፤ አለቃችን ግን ስብሰባ ላይ ስለ ጥንቃቄ ረዘም ያለ ንግግር አደረገልን።

አንድ ነገር ግን ሲከነክነኝ ቆየ። ያን ሁሉ የተከራከርነው ስለ አንድ ሰው ነው። በዚያው ውጊያ ከተዋጊዎቹ ወገን ከ20 በላይ ሰው ሞቷል። ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ነበረች፤ እኔ ዘልያት አልፌያለሁ፤ ሽማግሌውም አላነሳት። ከሷ ከፍ ብሎ ደግሞ መሰንጠቂያው «ባዶ ዳርቻ» ላይ ተተከለ ይላል። ባዶ አልነበረም። የአገሩ ነባር የሆነው የስክላላም ሕዝብ መንደር ነበረበት። መሰንጠቂያው ሲመጣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ተዛወሩና ከዚያ በታንኳ እየቀዘፉ ለሥራ ይመጡ ጀመር። ዛሬም እዚያው ናቸው። ባዶ ዳርቻ ብዬ ሳወራ ግን አንድም እጅ አልወጣም።

እና ባለፈው በጋ እሱንም ልናገር ወሰንኩ። ዳርቻው ላይ አቆምኳቸው። «ከመሰንጠቂያው በፊት እዚህ የስክላላም መንደር ነበር አሉ» አልኩ። ምላሴ ለምዷል፤ ሳላስበው ነው የወጣችው።

ስምንት ዓመት የሚሆናት ልጅ ከእናቷ እጅ ወጥታ ቀረበችኝ።

«ማን አለ?»

ዝም አልኩ። ማዶውን አየችና በጣቷ ቤቶቹን አሳየችኝ።

«እነሱ ናቸው ያሉት? ጠይቀሃቸዋል?»

ሰዓቴን አየሁ። «በሉ እንግባ፣ ፌሪው ያመልጠናል» አልኩ። ፌሪው ሊነሳ ገና ሁለት ሰዓት ይቀረው ነበር።